ማንንም የማይመስል ፊት

ሰኞ

ዛሬ ስብሰባ ነበር፤ ስብሰባ ከተባለ። አለቃችን ተናገረ፣ እኛ ወንበር አሞቅን። በግቢው በርና በሕንፃው መሐል ያሉት ረጃጅም ዛፎች ተቆርጠው ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው። የኔ ዛፎች! ስምንት ዓመት ሙሉ አንገቴ እስኪጣመም ያንጋጠጥኩባቸው። እዚያ ላይ የሚኖሩትን ቁራዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን የማንን ጎጆ እንጨት እንደሰረቀ ብጠየቅ ያለ ወረቀት እመልሳለሁ።

እጄን አወጣሁና "ቁራዎቹስ?" አልኩ።

አለቃችን ያቺን የግራ ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀላት። "ዶክተር፣ ቁራ የትም አለ" አለ።

ሰዉ ሳቀ። የዓሣ ባሕርይ የሚያጠናው ባልደረባዬም አብሮ ሳቀ። እሱን ዓሣው ነው የምንለው፤ አፉ ስለማይዘጋ።

ከስብሰባው በኋላ አለቃን ተከትዬ ሄድኩ። ቢሮው በር ላይ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመና "ቦርዱ የሚወስነው የጥናት ወቅቱ ሲያልቅ ነው። እስከዚያ የሚጨበጥ ውጤት ካገኙ አቀርብልዎታለሁ። ካላገኙ ግን ለቁራ ብዬ ከቦርድ ጋር አልጣላም" አለኝ። ከዚያ በሩን ዘጋው።

የሚጨበጥ! ስምንት ዓመት የለፋሁት አይጨበጥም ማለቱ ነው። አመድ አፋሽ ሆኜ ቀረሁ።

ማታ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅንድቡን እያስመሰልኩ።

ማክሰኞ

እማዬ ለዓይኗ ሕክምና "ሁለት ሳምንት ልቆይ" ብላ ነው የመጣችው። ሁለት ሳምንቱ ካለፈ ቆይቷል። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ስለነበረች እጇ መቀመጥ አይችልም። የቤቴን መጋረጃ በሙሉ አሳጥራ ጨርሳ አሁን የጎረቤት መጋረጃ ጀምራለች። አፏም አይቀመጥም። "ባልሽ ጥሎሽ የሄደው በቁራ ቀንቶ ነው" ትለኛለች።

ሙከራዬን ዛሬ ወሰንኩ። ቁራ ክፉ ያደረገበትን ሰው ፊት ይይዛል። የኔ ጥያቄ፣ እነዚህ የኔዎቹ ያንን ለልጆቻቸው ያስተላልፋሉ ወይ ነው። ጭምብል አጥልቄ ወላጆቹን በመረብ እይዛቸዋለሁ፣ እግራቸው ላይ ባለ ቀለም ቀለበት አድርጌ እለቃቸዋለሁ። ክፉው ሰው ጭምብሉ ይሆናል። በኋላ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች፣ ተይዘው የማያውቁት፣ ያንን ፊት ሲያዩ ከጮኹበት ከወላጆቻቸው ተምረዋል ማለት ነው። ይኸው የሚጨበጥ!

ጭምብሉ እኔንም ይሸፍነኛል። ቁራዎቹ እግሬ ሥር ሳይቀር እየተራመዱ ይለቅማሉ፤ ያንን ባጣ ሥራዬ አለቀ። ስለ ጭምብሉ ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ማንንም መምሰል የለበትም።

የመጫወቻ ሱቅ ሄድኩ። ያለው አንበሳና ቀይ አፍንጫ ያለው ቀልደኛ ብቻ ነው።

"ፊት አይደል እንዴ?" አለች እማዬ። "እኔ እሰፋልሻለሁ።"

"ማንንም የማይመስል ይሁን፣ እማዬ።"

"ማንንም ሳይመስል የተወለደ ሰው አለ እንዴ?"

ጨርቅ ዘርግታ ተቀመጠች። ክሩን መርፌው ውስጥ ያስገባሁላት እኔ ነኝ፤ ዓይኗ ገና ነው።

ሐሙስ

ጥድፊያ። መረቡ ተጠገነ። ቀለበቶቹ ደረሱ። የወንበሬ እግር ተሰበረ። ለአለቃ ማመልከቻ ጻፍኩ። "የቀሩት ሦስት እግሮች አገልግሎት እየሰጡ መሆኑ ይታወቅ" ብሎ መለሰልኝ። በጽሑፍ! ማኅተም አድርጎበት!

እማዬ መርፌዋን እንደያዘች "ዛሬስ ምን አለ ያ ሰውዬ?" አለችኝ። ነገርኳት። ሐሜት ጥሩ አይደለም፤ ሰውነትን ያከሳል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እኔን ግን ለምን እንደሚያወፍረኝ አላውቅም። ከነገ ጀምሮ አቆማለሁ።

ዓርብ

አላቆምኩም።

ራሱ መላጣ መሆኑን፣ ከጆሮው በላይ ብቻ ሽበት እንደቀረችው፣ ከአፍንጫው አጠገብ ያለችውን ኪንታሮት፣ ያንን ሎሚ የነከሰ አፉን፣ ሁሉንም ዘረዘርኩላት። እማዬ አንዳንዴ ቀና ብላ ትጠይቃለች።

"ከንፈሩ ወደ ታች ነው?"

"ወደ ታች!"

"ሲስቅስ?"

"ሲስቅ ያየው ሰው የለም፣ እማዬ።"

"እሺ" አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

እሑድ

ጭምብሉ አለቀ። የእማዬ እጅ የተባረከ ነው፤ ጨርቁ ቆዳ መስሏል። ራሱ መላጣ፣ ፊቱ ኮስታራ። ሳየው የሆነ ቦታ ያየሁት ሰው መሰለኝ። መላጣ ሰው ደግሞ እርስ በርሱ ይመሳሰላል።

"አንድ ክፉ ሰው አሰብኩና ሰፋሁት" አለችኝ።

ግሩም። የሚያስፈልገኝም ክፉ ሰው ነው።

ረቡዕ

በማለዳ ገባሁ፤ ሠራተኛ ሳይመጣ። ጭምብል፣ ረጅም ግራጫ ኮት፣ መረብ። ከበር ጠባቂው በቀር ያየኝ የለም። እሱም ብድግ ብሎ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ "እንደምን አደሩ ጌታዬ!" አለኝ። በዚያ በር ስገባ ስወጣ አንድ ቀን ብድግ ብሎልኝ አያውቅም። ኮቱ ይሆናል። ኮት ሰውን ያስከብራል።

መረቡ ሠራ። አንድ በአንድ ያዝኳቸው፣ ቀለበት አደረግሁላቸው፣ ለቀቅኋቸው። የመጨረሻው ዳኛው ነበር፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰውን እንደ ተከሳሽ ስለሚመረምር ነው ዳኛው ያልኩት። አውራ ጣቴን ነክሶ አደማው። ስለቀው ዛፉ ሁሉ ጩኸት በጩኸት ሆነ። ከጭምብሉ ሥር እየሳቅሁ ሮጥኩ። ኮቴ ላይ የወረደውን ኩስ አልናገርም።

ቢሮዬ ገብቼ፣ ጭምብሉን አውልቄ፣ በራሴ ፊት ተመልሼ ሄድኩ። ዳኛው እግሬ ሥር መጥቶ ለቀመ። አላወቀኝም! ደስታዬ ወሰን አጣ።

ሐሙስ

አለቃ ትከሻው ላይ ነጭ ነገር ተንጠባጥቦበት ገባ። የቢሮው ጸሐፊ ሮጣ ጨርቅ አመጣች። ዓሣው ሳቁን ለመደበቅ ጠረጴዛ ሥር እርሳስ ፈለገ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰኞ

ዛሬ ደግሞ ከውጭ በር እስከ ሕንፃው መግቢያ አሯሯጡት። አለቃን! እጁን ሳያጣምር ሲሄድ ያየሁት ዛሬ ነው። በሁለቱም እጁ ራሱን ሸፍኖ ነበር። ሁላችንም መስኮት ላይ ተደረደርን።

"ቁራም ሰው ያውቃል" አለ ዓሣው። "እኛ የምንፈራውን እነሱ አልፈሩትም።"

ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ዳኛው መስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። ቀለበቱ በፀሐይ አብለጨለጨ። መሳቄን ትቼ ከመስኮቱ ተመለስኩ።

ሰኞ ማታ

ቤት እንደገባሁ ጭምብሉን ከሻንጣ አውጥቼ የወንበር መደገፊያ ላይ አጠለቅሁት። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ አየሁት።

ቆሌዬ ተገፈፈ።

የግራዋ ቅንድብ ወደ ላይ ተሰቅላለች። ኪንታሮቷ አለች። አፉ ሎሚ ነክሷል። ሳሎኔ ውስጥ አለቃዬ ተቀምጦ "ቁራ የትም አለ" ሊለኝ ምንም አልቀረውም።

"እማዬ! ይሄ ማን ነው?"

"ክፉ ሰው።"

"ይሄ አለቃዬ ነው! አይተሽው ታውቂያለሽ እንዴ?"

"የት አይቼው? አንቺ የነገርሽኝን ነው። ሐሜትሽን ነው የሰፋሁት።"

"ማንንም እንዳይመስል አላልኩሽም?"

"ልጄ፣ ማታ ማታ የምትነግሪኝ ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጆሮዬ የሞላው እሱ ነው። መርፌዬ ሌላ ሰው ከየት ታምጣ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔው ከአፋፍም አልፎ ዛፍ ላይ ወጥቷል። አልጋዬ ላይ ተደፋሁ። እማዬ ከሳሎን ሆና፣ ለራሷ የምታወራ መስላ፣ እኔ እንድሰማት አድርጋ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ

ጠራራ ፀሐይ። አለቃ ጃንጥላ ዘርግቶ መጣ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ የቀብር የሚመስል ጃንጥላ። ኮሪደር ላይ አገኘኝና "ያንን ዛፍ የመቁረጡ ነገር ቢፈጥን ይሻላል" አለኝ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ብናገር "ፊቴን ሰፍታ አሾፈችብኝ" ብሎ ዛፎቹን በገዛ እጁ ይቆርጣቸዋል። ብተወው ደግሞ ቁራዎቹ ናቸው የሚያስቆርጧቸው። እስቲ ትንሽ ልጠብቅ። ምናልባት ይረሱት ይሆናል።

(አይረሱትም። ሙከራውን ያቀድኩት እኔ አይደለሁ?)

ዓርብ

ቢሮው አስጠራኝ። "በሩን ይዝጉት፣ ዶክተር።"

በቃ፣ አወቀ አልኩ። እሱ ግን እስክሪብቶውን አገላበጠና "እርስዎ ቁራ ያውቃሉ" አለ።

"ትንሽ ትንሽ።"

"የሚያዩት ፊት ብቻ ነው ወይስ የሰው ውስጡንም ያያሉ?"

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ የለም" አለ፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ። "እዚህ የሚያናግረኝ ደግሞ ፈርቶኝ ነው። አውቀዋለሁ፣ ድንጋይ አይደለሁም። ሰው ቢጠላኝ ምክንያት አለው እላለሁ። ቁራ ግን ምን አደረግሁት? ለቁራ ፊርማ ከልክዬ አላውቅም።"

ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፈትኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የተናገርኩት ግን "ቁራ... የቁጣ አካሄድ አይወድም። ቀስ ማለት፣ ለስለስ ማለት፣ ሰላም ማለት ሳይረዳ አይቀርም" የሚል ነበር።

ወረቀት ስቦ "ለስለስ" ብሎ ጻፈ። ከሥሩም አሰመረበት።

ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ቆለፍኩ። እንዴት ያለሁ ወራዳ ነኝ!

ማክሰኞ

ተአምር ነው። አለቃ ሰላምታ ጀምሯል። ለበር ጠባቂው ሳይቀር፤ እሱም ግራ ገብቶት ሁለቴ ብድግ ይላል።

ጸሐፊዋ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። "'ምሳ በላሽ ወይ?' አለኝ። የምባረር መስሎኝ ዕቃዬን ሰብስቤ ጨረስኩ። ለካስ የምሩን ነው። ስንት ጊዜ የለመንኩትን የዓመት ፈቃድም ፈረመልኝ።"

ከሰዓት ለኔ አዲስ ወንበር መጣልኝ። አራት እግር ያለው። ተቀመጥኩበት፤ ተመቸኝ ግን አልልም።

ሐሙስ

ዓሣው እስክሪብቶ ሊበደር መጥቶ፣ ሳይጠይቅ ቦርሳዬን ከፈተ። ጭምብሉን መዝዞ አወጣ። ጭምብሉን አየ፣ እኔን አየ፣ መስኮቱን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ተዘጋ።

ሁሉንም ነገርኩት። "ሄጄ ልነግረው ነው" አልኩ።

"እብድ ነሽ!" ብሎ በሩ ላይ ተገተረ። "የዓሣ ገንዳዬን ጥያቄ ዛሬ ጠዋት ፈረመልኝ! ጸሐፊዋ ፈቃድ አገኘች! አንቺ ወንበር አገኘሽ! ይሄንን ሰው ቁራ ነው ሰው ያደረገው። ሁለተኛ ገንዳ ልጠይቅ ነው፤ እስከዚያ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።"

"እሱ እኮ እየተሰቃየ ነው።"

"እሱ ይሰቃይ፤ እኛ ስንት ዓመት ተሰቃየን?"

አልሄድኩም። ለገንዳው ብዬ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ቅዳሜ

እማዬ "ቁልፍሽን ረሳሽ" ብላ ተቋሙ ድረስ መጣች። ቁልፌ ኪሴ ውስጥ ነበር። ምን ፈልጋ እንደመጣች እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

በር ላይ ከነጃንጥላው አገኘችው። እኔ ከመስኮት ሆኜ ነፍሴ ወጣች። አፍጥጣ አየችው፤ ልብስ የሚለካ ሰው እንደሚያየው ከላይ እስከ ታች። እሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት፣ ቦርሳዋን ተቀበላት፣ ጃንጥላውን ለሷ አደረገላት። አንድ ነገር አለችው። ሳቀ! አለቃ በጥርሱ ሳቀ።

ቤት ስደርስ ጠብቃ ያዘችኝ። "አንቺ፣ ዋሽተሽኛል።"

"ምን ዋሸሁሽ?"

"ይሄ ሰው ክፉ አይደለም። ብቸኛ ነው። ቅንድቡን ልክ ነግረሽኛል፣ ኪንታሮቱም ቦታዋ ላይ ናት። አፉን ግን አጥፍተሻል። እንደዚያ የሚስቅ መሆኑን ብትነግሪኝ ሌላ አፍ እሰፋ ነበር።"

"ሲስቅ አይቼው አላውቅም አልኩሽ እኮ!"

"የሚያስቅ ነገር ነግረሽው ታውቂያለሽ?"

ራቴን አስተካክዬ አልበላሁም።

ረቡዕ

ስንት ሳምንት ጠብቄ፣ ዛሬ ጫጩቶቹ በረሩ!!

የዳኛው ልጆች፣ አፋቸው ውስጡ ገና ሮዝ የሆነ፣ መብረር እንኳ በቅጡ ያልቻሉ። አለቃ በበሩ ገባ። መጀመሪያ የጮኹት እነሱ ናቸው! ወላጆቻቸው ምግብ ፍለጋ ሄደው ነበር፤ በዛፉ ላይ አንድም ትልቅ ቁራ አልነበረም። በሕይወታቸው መረብ አይተው አያውቁም፣ ያንን ጭምብል አይተው አያውቁም። ተምረዋል! ወላጆቻቸው አስተምረዋቸዋል!

ባይኖኩላሩን እንደያዝኩ ዘለልኩ። እንባዬ መጣ። ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ይህንን ነው።

ረቡዕ ማታ

አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው ደስታዬ እንደ ጉም ተነነ። ውጤቱን ካልጻፍኩ ዛፎቹ ይቆረጣሉ። ከጻፍኩ ደግሞ መጀመሪያ የሚያነበው ማን ነው? አለቃ። ምን ብዬ ልጻፍ? "ክፉው ሰው የክፍሉ ኃላፊ ፊት ነበር፤ ኃላፊው ሳያውቅ በየቀኑ በዛፎቹ ሥር በማለፍ ለሳይንስ ተባብሯል"?

የምሥራቹን የሚያደርስልኝ አንድ ሰው ልላክ ብዬ አሰብኩ። ዓሣውን ልልክ? የቁራ መልእክተኛ ነው የሚሆነው፤ ሁለተኛ ገንዳውን አስፈርሞ በዚያው ይቀራል።

እማዬ "ምን ሆነሻል?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። አላመነችኝም። እኔም ራሴን አላመንኩም።

ዓርብ

ዛሬ ያየሁትን ባላየሁ ይሻለኝ ነበር።

ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ዕቃዬን እየሰበሰብኩ በመስኮት ብመለከት አለቃ ዛፎቹ ሥር ቆሟል። ጃንጥላውን አጥፎ ግንዱ ላይ አስደግፎታል። በእጁ ዳቦ ይዟል። ቁራዎቹ ከላይ ያወርዱበታል፤ ጩኸቱንም ሌላውንም። እሱ ኮፍያውን አውልቆ በመላጣው ቆመና ቀና ብሎ ያናግራቸው ጀመር። መስኮቱን ትንሽ ከፈት አደረግሁት።

"ጥፋቴን አላውቀውም" ይላቸዋል። "ግን አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ።"

አንጀቴን በላው። ለቁራ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ለመነ! ባላጠፋው! ያጠፋሁት እኔ፣ አዲስ ወንበር ላይ ተመቻችቼ ተቀምጬ!

ሰኞ ቦርዱ ይመጣል፤ "ውጤት አለኝ" የሚል ወረቀት በአለቃ በር ሥር አስገባሁ። ሰኞ እናገራለሁ። ዛፎቹ ቢቆረጡም እናገራለሁ። ይህንን የምጽፈው ሰኞ ጠዋት ሐሳቤን እንዳልቀይር ነው።

ሰኞ

ሐሳቤን ሁለቴ ቀይሬ ነበር። ደረጃው ላይ አንዴ፣ መታጠቢያ ቤት አንዴ። ግን ጭምብሉን በቦርሳዬ ይዤ ወረድኩ።

የቦርዱ ሰዎች ዛፎቹ ፊት ለፊት ቆመዋል። ሰብሳቢው ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ መኪናውን እዚያው አጠገብ ያቆመ ሰው ነው። አለቃ ጃንጥላውን ይዞ ጥጉን ይዟል። "ዶክተር ውጤት አለኝ ብለዋል" አላቸው። "ከመወሰናችሁ በፊት እንስማቸው።"

ያ ሰው ለኔ ቃሉን ጠበቀ።

"ውጤቱን ላሳያችሁ" አልኩና ዞር ብዬ ጭምብሉን አጠለቅሁ። ወደ ዛፎቹ ሄድኩ።

ወረዱብኝ። ትልልቆቹ፣ ከኋላ ደግሞ ጫጩቶቹ፣ እየተደናቀፉ ሳይቀር። ኮቴን ጎተቱት፣ ራሴን መቱኝ። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። መሐል ላይ ቆምኩና ጭምብሉን አወለቅሁት።

ጸጥ አለ። ዳኛው ፊት ለፊቴ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ነበር። አንገቱን ሰበር አድርጎ በእጄ ያለውን ጭምብል አየ። ፊቴን አየ። እንደገና ጭምብሉን አየ። ከዚያ ጮኸ። የጮኸው በኔ ላይ ነበር። ሁሉም ተከተሉት።

እየሮጥኩ ወደ ሰዎቹ ተመለስኩ። "በመረብ የያዝኳቸው በዚህ ፊት ነው" አልኩ፤ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። "ትንንሾቹ ግን ተይዘው አያውቁም። ከወላጆቻቸው ነው የተማሩት። ፊቱ ማንንም እንዳይመስል ነበር ሐሳቡ። እናቴ ናት የሰፋችው። እናቴ ደግሞ የሰፋችው እኔ ማታ ማታ የማማውን ሰው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ቁራዎቹ እርስዎን አይደለም የሚጠሉት፤ እኔን ነው መጥላት የነበረባቸው። በቢሮዎ የነገርኩዎትም ውሸት ነው።"

አለቃ ጭምብሉን ከእጄ ወሰደ። ገለባበጠው። ኪንታሮቷን በጣቱ ነካት።

"አፌ እንደዚህ ነው?" አለ።

"እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።"

"እንግዲህ እኔን አልነበረም" አለ በዝግታ። "ውስጤን አይተው አልነበረም።"

አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በጭምብሉ ሸፈነው። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስኩት ብዬ ልሞት ደረስኩ። ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነው። እንባው እስኪወርድ፣ ጎኑን እስኪይዝ። ከመስኮት ሆነው የሚያዩት እነ ጸሐፊዋ ደንግጠው ራሳቸውን ወደ ውስጥ መለሱ።

ያልሳቀው ሰብሳቢው ብቻ ነበር። ዛፎቹን ቀና ብሎ እያየ "አንድ ነገር ልጠይቅ" አለ። "ዛፉን የሚቆርጠውን ሰው ፊትም ይይዛሉ?"

"ይይዛሉ።"

"የሚያስቆርጠውንስ? ቆሞ ካዩት?"

"ቆሞ ካዩት ይይዛሉ።"

"ለልጆቻቸውም?"

"አሁን ያዩት ይህንኑ ነው።"

ሰብሳቢው መኪናውን አየ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አደረገ። "የመኪና ማቆሚያው" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሌላ ቦታ ይፈለግለት።"

ረቡዕ

ዛፎቹ ቆመዋል። እኔ ግን ከሥራቸው መቆም አልችልም።

ዛሬ በበሩ ስገባ ዳኛው ጠበቀኝ። እግሬ ሥር የሚለቅመው ዳኛው! እስከ ደረጃው ድረስ አሳደደኝ። ሕንፃው ውስጥ ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ደበቅ ብዬም አይደለም፤ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። ስምንት ዓመት ጓደኞቼ ነበሩ። ገና ብዙ የምጠይቃቸው ነበረኝ።

ዓሣው ሊያጽናናኝ መጣ። ሁለተኛ ገንዳው ተከልክሏል። "ነግሬሽ ነበር" አለ። አለቃ ግን ሰላምታውን አልተወም፤ ጸሐፊዋ በየቀኑ ታረጋግጣለች።

ሰኞ

ለምልከታው ሌላ ሰው አስፈለገኝ። ተማሪዎቹ ቁራዎቹን ፈሩ። በመጨረሻ ማን ተገኘ? እማዬ! ዛፉ ሥር ወንበር ዘርግታ፣ የዓይን መነጽሯን አድርጋ፣ ዳቦ እየቆረሰች ትቀመጣለች። ቁራዎቹ ዙሪያዋን ከበው ይለቅማሉ። ዳኛው ጉልበቷ ላይ ይወጣል። ጭምብሉን የሰፋችው እሷ! ክስ የለ፣ ኩስ የለ! ፍትሕ የሚባል ነገር የት አለ?

ሥራዋም ሥራ አይደለም። ማን ስንት ጊዜ እንደጮኸ ንገሪኝ ስላት "ባለ ቀይ ቀለበቷ ባሏን ንቃዋለች፤ አይቆዩም" ትለኛለች። ይህን ለየትኛው መጽሔት ልላከው?

ሐሙስ

ጠዋት በር ላይ ቆሜ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ቁራዎቹ በሙሉ ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው ይጠብቁኛል። ለመሮጥ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቀፍኩ።

አለቃ ከጠባቂው ቤት አጠገብ ከነጃንጥላው ቆሞ ነበር። ገና መድረሱ ነው ብሏል። ጠባቂው ግን "ቆይተዋል" አለኝ፤ ሳልጠይቀው።

"ነይ ግቢ" አለኝ፣ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ።

ገባሁ። ጩኸቱ ከላይ ወረደ። በጃንጥላው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ቀስ ብለን ሄድን፤ ለስለስ ባለ አካሄድ፣ ወረቀቱ ላይ እንደጻፈው።

"አሁን የሚሰድቡት ማንን ነው?" አለኝ። "እኔን ነው አንቺን?"

"መለየት አይቻልም" አልኩ።

"በሳይንስ ይህ ችግር ነው?"

"ትልቅ ችግር ነው።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጩኸቱ አስደንግጦኝ ይሆናል።

ማታ እማዬ የዕለቱን ምልከታ አቀረበችልኝ፤ እግሯን ዘርግታ፣ እንደ ዜና አንባቢ። "ዛሬ አዲስ ጥንድ ታይቷል። አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ባንድ ጃንጥላ ሥር። ወንዱ ጃንጥላውን ወደ ሴቷ ስላጋደለው ኩሱ በሙሉ የወረደው እሱ ትከሻ ላይ ነው። ሴቷ አላየችም።"

"እማዬ፣ አንቺ የምትከታተይው ቁራ ነው!"

"ቁራዎቹም ያዩት ይህንኑ ነው" አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። "ይልቅ ያንን ጭምብል አምጪልኝ። አፉን ፈትቼ እንደገና ልስፋው። ሲስቅ አሁን አይቼዋለሁ።"

ሙከራ መሐል ፊት አይቀየርም፣ ውጤቱ ይበላሻል አልኳት። በደንብ አድርጌ አስረዳኋት። ከዚያ ክሩን መርፌው ውስጥ ያስገባሁላት ዓይኗ ገና ስላልዳነ ብቻ ነው።